ጉልበት ያላቸው እናቴ ስለ ምን ይወድቃሉ?

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመታቸው ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት አላቃታቸውም፤ ነገር ግን ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ተስኗቸዋል፤ ሲደናቀፉም ራሳቸውን መግታት አቅቷቸው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። የ4 ዓመት ልጄም እጅ እንዲሁ አይረጋም። እርጅና ወደ ልጅነት ይመልሳል የሚባለው እውነት ነው? ጉልበት ሳያጡስ ለምን ይወድቃሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የአያትና የልጅ ልጅ እጅ ቢመሳሰልም ምክንያቱ ለየቅል ነው። የልጅዎ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር ትእዛዝ የሚያደርሱ የነርቭ መስመሮች ገና እየበሰሉ ናቸው፤ ብስለቱም እስከ ጉርምስና ይዘልቃል።

የእናትዎ ነገር ሰፊ ማብራሪያ ይሻል። በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ነርቭ ሕዋስ የሚያዛቸው የራሱ የጡንቻ ክሮች አሉት፤ እሱ ሲያዝ ሁሉም በአንድነት ይኮማተራሉ። በተለይ ከ60 ዓመት በኋላ ከእነዚህ ሕዋሳት የተወሰኑት ይሞታሉ፤ አዛዥ ካጡት ክሮች ብዙዎቹንም በሕይወት የቀሩት ጎረቤት ነርቮች አዲስ ቅርንጫፍ እየሰደዱ ይረከቧቸዋል። ሰውነት ጉዳቱን የሚጠግንበት ይህ ብልሃት ዘወትር ያስደንቀኛል፤ ጉልበት ቶሎ የማይከዳውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም አንዱ ነርቭ ከቀድሞው የበዙ ክሮችን በአንድ ጊዜ ስለሚያንቀሳቅስ ኃይልን በጥቂት በጥቂቱ መመጠን ያስቸግራል፤ መርፌና ክር ደግሞ የሚሹት ይህንኑ ምጣኔ ነው። የዐይን መድከምም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል ይመርመሩ።

ወደ መውደቁ ስንመጣ፣ በዕድሜ ይበልጥ የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው። ስለዚህ ቀድሞ የሚጓደለው ጉልበትን በቅጽበት የማውጣት ችሎታ ነው። የተደናቀፈ ሰው እግሩን ዘርግቶ ሚዛኑን ለመመለስ ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ዕቃ በዝግታ የሚያነሳ ብርቱ እግር እዚያች ቅጽበት ላይ ሊዘገይ ይችላል። እባክዎ «አልተጠነቀቁም» ብለው አይውቀሷቸው።

ይህ ሁኔታ የሚሻሻል መሆኑን በልበ ሙሉነት እነግርዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆኑ፣ በእንክብካቤ ተቋም የሚኖሩ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት እግራቸውን በክብደት ሲያሠለጥኑ ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨምሯል፤ የጭናቸው ጡንቻ ስፋት የጨመረው ግን 9 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። አብዛኛው ለውጥ የነርቭ ትእዛዝ መጠናከር ነው ብዬ የማምነው ከዚህ ልዩነት ተነሥቼ ነው።

እናትዎ አጠገባቸው ጽኑ መደገፊያ ባለበት፣ ከወንበር በተቻላቸው ፍጥነት እየተነሡ በዝግታ መቀመጥን ይለማመዱ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጊዜ የወደቁ በመሆናቸው ሐኪም የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ሲቆሙ ያለውን የደም ግፊታቸውንና የእግራቸውን ስሜት ይይላቸው። ድካሙ በድንገት፣ በአንድ ጎን ብቻ ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዷቸው።