ያ ቢጫ ማሊያ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም የስፖርት አምድ አዘጋጅ! የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እሁድ እሁድ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እንጫወታለን። በቅርቡ ከሳልቫጅ ተራ ቢጫ ማሊያ ገዛሁ፣ ደረቱ ላይ «ፓሉዋኒ» ይላል። የሸጠልኝ ልጅ «የኪዬቮ ነው» አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ የሰፈር ቡድን ነበር፣ ሴሪ ኤ (የጣሊያን አንደኛ ሊግ) ገብቶ ትልልቆቹን ያስጨንቅ ነበር ይላሉ። እኔ ግን ሴሪ ኤም ሴሪ ቢም ሰንጠረዥ ላይ ፈልጌ አጣሁት። እውነት የሰፈር ቡድን ነበር? ከሄላስ ቬሮና ጋር አንድ ነው? አሁንስ የት ገባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ኪዬቮ ከጣሊያኗ ቬሮና ከተማ ወጣ ብሎ አዲጄ ወንዝ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ቡድኑ ገናና በነበረበት ዘመን የሰፈሩ ሰው 4,500 ገደማ ቢሆን ነው፤ እናንተ ጋ እኮ ይህን ያህል ሰው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ይኖራል።

ከሄላስ ጋር አንድ አይደሉም። ሄላስ በ1903 የተመሠረተ፣ የከተማው ትልቁ ክለብ ነው። በ1985 በአሰልጣኝ ኦስቫልዶ ባኞሊ፣ እነ ብሪገልንና ኤልኬየርን የመሰሉ ተጫዋቾች ይዞ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆኗል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፍልህ)። ኪዬቮ ግን በ1929 ሠራተኞች ከሥራ በኋላ የሚጫወቱበት ቡድን ሆኖ ነው የተጀመረው። ከ1957 እስከ 1986 ሜዳው ቦታጂዚዮ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሜዳ ነበር። በ1986 አራተኛው ሊግ ሲገባ ነው ወደ ቤንቴጎዲ ስታዲየም፣ ማለትም ወደ ሄላስ ሜዳ የተዛወረው።

ደረትህ ላይ ያለው ፓሉዋኒ የኬክ ፋብሪካ ነው። የካምፔዴሊ ቤተሰብ ንብረት ነበር፣ ክለቡንም የያዙት እነሱ ናቸው። አባትየው ሉዊጂ በ1992 ሲሞቱ ልጃቸው ሉካ በ23 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡድኑ በአልቤርቶ ማሌዛኒ አሰልጣኝነት ሴሪ ቢ፣ ማለትም ሁለተኛው ሊግ ገባ።

የሄላስ ደጋፊዎች ያኔ «ኪዬቮ ሴሪ ኤ የሚገባው አህያ ሲበር ነው» እያሉ ይዘፍኑባቸው ነበር። በ2001 ገቡ! የኪዬቮ ሰዎችም ስድቡን ለራሳቸው ወሰዱትና «በራሪዎቹ አህዮች» ተብለው ቀሩ። የመጀመሪያ የሴሪ ኤ ጨዋታቸውን ኦገስት 26 ቀን 2001 ፍሎሬንስ ሄደው ፊዮሬንቲናን 2ለ0 አሸነፉ። ከዚያ ለሳምንታት ሰንጠረዡን መሩ፣ በመጨረሻም አምስተኛ ሆነው ጨረሱ። በታሪኩ ሴሪ ኤን አይቶ የማያውቅ ቡድን ነው ይህን ያደረገው፣ እኔ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ኅዳር ላይ ከሄላስ ጋር በተደረገው የከተማው ደርቢ ኪዬቮ 2ለ0 ሲመራ ቆይቶ 3ለ2 ተሸነፈ፤ ሄላስ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው አሰልጣኝ ደግሞ ያው ኪዬቮን ሴሪ ቢ ያስገባው ማሌዛኒ ነበር። በመልሱ ኪዬቮ 2ለ1 አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ሄላስ ወረደ።

«ተአምር ነው» የሚሉትን አልቀበልም። የክለቡ ስፖርት ዳይሬክተር ጆቫኒ ሳርቶሪ እዚያው የተጫወተ አጥቂ ነበር። ጫማውን ሰቅሎ ቢሮ ገባና እስከ 2014 ቆየ። ሌሎች ክለቦች ዞር ብለው ያላዩትን ተጫዋች በርካሽ ያመጣ ነበር። አሰልጣኙ ሉዊጂ ዴልኔሪ ደግሞ ቀላል ነገር ደጋግሞ ያሠራቸዋል፦ አራት አራት ሁለት፣ ተከላካዩ ወደ መሀል ሜዳ ተጠግቶ ኦፍሳይድ ያጠምዳል፣ ኳስ ከተጋጣሚ እንደተነጠቀ በቀጥታ ወደ መስመር ይሄዳል፣ ከዚያ ክሮስ። ሁሉም የሚሠራውን ያውቃል። አማካዩ ሲሞኔ ፔሮታ በኋላ በ2006 ከጣሊያን ጋር የዓለም ዋንጫ በላ። ሳርቶሪም ከኪዬቮ ወጥቶ ወደ አታላንታ፣ ከዚያ ወደ ቦሎኛ ሄደ፤ ሁለቱም በእሱ ጊዜ ቻምፒዮንስ ሊግ ገቡ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕድል ነው ማለት ይከብዳል። የሰፈር ቡድን ያላችሁ ልጆች ይህን ሰው ብታውቁት ደስ ይለኛል፣ ስለ እሱ የሚያወራ ግን ብዙም የለም።

በ2007 ወረዱ፣ በዓመቱ ተመለሱ፣ እስከ 2019 ቆዩ። አጥቂው ሰርጂዮ ፔሊሲየር በዚያ ማሊያ ብቻ በሴሪ ኤ 112 ጎል አግብቶ በ40 ዓመቱ ጫማ ሰቀለ። ክለቡን የጣለው ግን ሜዳ ላይ የገጠመው ቡድን አይደለም። በ2018 በሒሳብ ማጭበርበር ሦስት ነጥብ ተቀነሰበት፣ በዚያው የውድድር ዓመት የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ወረደ። በ2021 ክረምት ደግሞ ባልተከፈለ ግብር ምክንያት ከሴሪ ቢ ተባረረ። ይግባኝ ቢልም ጠብ ያለለት ነገር የለም። ገዢ ጠፋና ቡድኑ ፈረሰ። ያን ሁሉ ዓመት ቀስ ብሎ የተገነባ ነገር በአንድ ክረምት በአፍ ጢሙ ተደፋ፣ በጣም ያሳዝናል።

ፔሊሲየር ዝም አላለም። «ክሊቬንሴ» የሚባል አዲስ ክለብ አቋቁሞ ከመጨረሻው እርከን ጀመረ። በ2024 የኪዬቮ ስምና አርማ ለጨረታ ሲቀርብ እሱና አጋሮቹ ገዙት፣ ክለቡም በቀድሞ ስሙ ሴሪ ዲ፣ ማለትም አራተኛው ሊግ መጫወት ጀመረ። ስለዚህ ፍለጋህን ወደ ታች አውርደው። ሴሪ ዲ በዘጠኝ ምድብ የተከፈለ ነው፣ ቬሮና ሰሜን ጣሊያን ስለሆነች ከሰሜኖቹ ምድቦች ጀምር።