የጃፓን አይሪስ ለምን አበባ ነሳኝ?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ በጓሮዬ የተከልኩት የጃፓን አይሪስ ሦስት ዓመት አምሮ ካበበ በኋላ፣ ዘንድሮ ቅጠሉ ገርጥቶ አበባ ነሳኝ። አመድ ብነሰንስበትም አልተሻለውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አመዱን ይተዉት። ይህ ተክል የፒኤች መጠኑ ከ5.5 እስከ 6.5 የሆነ አሲዳማ አፈር የሚወድ፣ ኖራና አመድ ግን የማይስማማው በመሆኑ፣ መገርጣቱን ያባባሰው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አበባ የነሳዎት ደግሞ፣ አዲሱ ሥር በየዓመቱ ከአሮጌው በላይ ስለሚበቅል ጉንጉኑ ወደ ላይ እየወጣና እየተጨናነቀ በመሄዱ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በየ3 ወይም 4 ዓመቱ አበባው እንዳለፈ ነቅለው፣ ከፋፍለው፣ ፀሐይ በሚያገኝ አዲስ ቦታ 5 ሴንቲሜትር ያህል አጥልቀው ይትከሉት። አበባው እስኪያልቅ ውኃ አይንፈጉት፤ በብርዱ ወራት ግን (የአገር ቤቱን ክረምት ማለቴ አይደለም) ሥሩ ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ እንዳይቆይ ይጠንቀቁ።