ቴስታታችሁን ከማስላጋችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

አዳማ ውስጥ በጋራዥና በቶርኖ ቤት ከሠላሳ ዓመታት በላይ ስሠራ ብዙ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ራስ) በእጄ አልፏል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ወጣቶች አዲስ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ በስልካችሁ የ402 ሜትር የድራግ ውድድር ታሳዩኝና “ጋሼ፣ ናይትረስ ልናስገባ ነው፤ ቴስታታው ተልጎ ኮምፕሬሽኑ ይጨመርልን” ትሉኛላችሁ። ቴስታታ ሲላግ፣ ማለትም የታችኛው ፊቱ በማሽን ሲፋቅ፣ ከፒስተኑ በላይ ያለው ቦታ ይጠብና የገባው ድብልቅ ይበልጥ ይታመቃል፤ ኮምፕሬሽን የምንለው ይህን የመታመቅ መጠን ነው። ቆሜ የምሰጣችሁ መልስ ስለማይበቃ በጽሑፍ ላስረዳችሁ ወደድሁ።

ናይትረስ ኦክሳይድ ራሱ አይነድም። ከክብደቱ 36 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ሲሆን፣ የምንተነፍሰው አየር ግን 23 በመቶ ብቻ ነው የያዘው። ጋዙ በሲሊንደሩ ሙቀት ሲበተን ያ ኦክስጅን ይለቀቃል፤ ተጨማሪ ቤንዚን የሚነደውም በእርሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ይህንኑ ጋዝ በተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው የተጠቀሙበት አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ጉልበት እንዳያንሳቸው ነበር። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ሞተሩ የሚስበው አየር አነስተኛ በመሆኑም ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ሳያንኳኳ (ድብልቁ ያለ ሥርዓት እየፈነዳ ሳይመታ) ይሸከማል። ከጠርሙሱ በጂግለር (መጠኑን በሚወስነው ጠባብ ቀዳዳ) የሚገባው ናይትረስ ግን ከፍታ አያውቅም። ሳትከፍቱት ያማረ የሚመስለው ኮምፕሬሽን በከፈታችሁት ቅጽበት ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ኮምፕሬሽን የሚመረጠው ለዚያች ቅጽበት እንጂ ለከተማ መንዳት አይደለም።

ከፍታ የሚሰጠው ምሕረት ጊዜያዊ መሆኑን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። በወጣትነቴ የአንድ ደንበኛ መኪና ቴስታታ ከሚገባው በላይ ላግሁ። አዳማ ውስጥ መኪናው እንደ አዲስ ይነሳ ስለነበር ባለቤቱ መርቆኝ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ዕቃ ጭኖ ወደ መተሐራ ቆላ ሲወርድ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ እርሱም ሳያቆም ነዳው፤ በመጨረሻም ተጎትቶ መጣልኝ። ስፈታው የሦስተኛው ፒስተን ጠርዝ ምስጥ እንደበላው እንጨት ተቦርቡሮ፣ የላይኛው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ተሰባብሮ፣ ጓርኒሲዮኑም (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ አገኘሁት። ያን ፒስተን እስከ ዛሬ አልጣልሁትም። እዚያ ናይትረስ አልነበረም፤ የአየሩ መወፈርና ሙቀቱ ብቻ በቂ ሆነዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ቴስታታውን ገልብጣችሁ አስተካክላችሁ አስቀምጡት፤ ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) አጥብቃችሁ፣ ቫልቮላዎቹ (የአየርና የጭስ በሮቹ) መግጠማቸውን አረጋግጡ፤ በማቃጠያ ጉድጓዱ ዙሪያ ስስ ግራሶ ቀብታችሁ ትንሽ ቀዳዳ ያለው መስታወት ክደኑበት። ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀለም የገባበት ነጭ ጋዝ በቀዳዳው በኩል አንቆርቁሩ። የመጨረሻዋ የአየር አረፋ ወደ ቀዳዳው ተንሸራታ ስትወጣ ያስገባችሁትን መጠን መዝግቡ፤ በአራቱም ጉድጓዶች ላይ ድገሙት፤ እኩል ካልሆኑ እኩል አድርጓቸው። የጓርኒሲዮኑና የፒስተኑ ራስ ቦታም ይደመርበታል። ለምሳሌ አንዱ ሲሊንደር 400 ሲሲ ቢሆንና ከላይ የሚቀረው ጠቅላላ ቦታ 50 ሲሲ ቢሆን ኮምፕሬሽኑ 450 ለ 50፣ ማለትም 9 ለ 1 ነው። ሲሊንደሩ 80 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ በ1 ሚሊሜትር የሳሳ ጓርኒሲዮን ብቻ 5 ሲሲ ያህል ይቀንስና ወደ 9.9 ለ 1 ይደርሳል። በአንድ ሚሊሜትር ይህን ያህል የሚለወጥ ነገር በዓይን ግምት አይሠራም።

በውድድር ሜዳ 13 ለ 1 እና ከዚያም በላይ ከናይትረስ ጋር የሚሠሩ ሞተሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የሚጠጡት ግን ከፍተኛ ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም አቅም) ያለው የውድድር ነዳጅ ነው፤ ከማደያ የምንቀዳው ቤንዚን አይደለም። በማደያ ቤንዚን ለሚሠራ ሞተር እኔ ከ9 ለ 1 ብዙም አልርቅም።

ቴስታታ ስትመርጡ ሰው ሁሉ የሚያየው የአየር መግቢያውን ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የማየው የጭስ መውጫውን ነው። ናይትረስ ኦክስጅኑን አምቆ ስለሚያስገባ መግቢያው ብዙም አይቸገርም፤ የሚወጣው ጭስ ግን እጅግ ይበዛል፤ ጠባብ መውጫ ያን ሙቀት ሲሊንደሩ ውስጥ ያስቀረዋል። የአሉሚኒየም ቴስታታ ሙቀትን ቶሎ ስለሚያስተላልፍ ለማንኳኳት ያነሰ ዕድል ይሰጣል፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ግን ይጣመማል። ኮምፕሬሽን ፍለጋ ደጋግማችሁ ባስላጋችሁት ቁጥር ወለሉ ይሳሳል፤ በናይትረስ ግፊት ጊዜ ደግሞ ጓርኒሲዮኑን ጨብጦ የሚይዘው ያ ወለል ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተላገ ቴስታታ ለዚህ ሥራ አልቀበልም። በጉድጓዱ ውስጥ ያለ ስለታም ጠርዝ ሁሉ ግሎ ያለጊዜው እሳት ስለሚጭር በጥሩ ሞረድ ይለስልስ፤ ካንዴላውም ሙቀትን ቶሎ የሚያስወጣው፣ ቀዝቃዛ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ለእያንዳንዱ 50 ፈረስ ጉልበት ጭማሪ ብልጭታውን 2 ዲግሪ ያህል ማዘግየት የተለመደ መነሻ ነው።

የጠርሙሱንም ነገር አትርሱ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግፊቱ 50 ባር ገደማ ሲሆን፣ በ36 ዲግሪ ከ70 ባር ያልፋል። በአዳማ ፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ ይህ ሙቀት በቀላሉ ይደረሳል። ግፊቱ ሲጨምር የሚገባው ናይትረስ ይበዛል፤ ቤንዚኑ ግን ባለበት ስለሚቀር ድብልቁ ይደርቃል፤ ያኔ በሲሪንጅ የለካችሁት ኮምፕሬሽን ትክክል ቢሆንም ፒስተኑን አያድነውም። ሙከራውንም ለትራፊክ በተዘጋ ሜዳ እንጂ ሰው በሚሻገርበት አስፋልት ላይ አታድርጉት።

ወደ እኔ ስትመጡ የጂግለሩን ቁጥር፣ የነዳጁን ዓይነትና የጓርኒሲዮኑን ውፍረት በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ። ጉድጓዶቹን አብረን እንለካለን፤ የተገኘውንም ሲሲ በቴስታታው ጎን ላይ በቁጥር መምቻ እመታላችኋለሁ።