የልብ ድምፅ አደማመጥ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ስለ ልብ ድምፅ የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ሁለቱም ድምፆች ይሰሙኛል፤ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ እንደሆነ ግን ይምታታብኛል።

መልስ፦ እያዳመጥክ በሌላው እጅህ የታካሚውን አንገት ትርታ ዳስስ፤ በአንድ ወገን ብቻ፣ ቀስ ብለህ። ከትርታው ጋር የሚገጥመው አንደኛው ድምፅ ነው፤ የሚትራልና የትራይከስፒድ ቫልቮች (በላይኛዎቹና በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያሉ የደም በሮች) ሲዘጉ የሚሰማው። የአኦርቲክና የፐልሞናሪ ቫልቮች (ደም ከልብ የሚወጣባቸው በሮች) ሲዘጉ ሁለተኛው ይከተላል። በእጅ አንጓ ትርታ አትመራ፤ እዚያ እስኪደርስ ይዘገያል። ይህን ሳትለይ ስለ ሌላ ድምፅ አትናገር።

ጥያቄ፦ ውድ ስቴቶስኮፕ ልግዛ?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ጆሮህን በደንብ የሚገጥም፣ ቱቦው ያልተሰነጠቀ፣ ሁለት ገጽ ያለው ይበቃል። ይልቅስ ጫጫታ እንዳይገባ የክፍሉን በር ዝጋ።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በአገራችን ፈጽሞ ሊያመልጠን የማይገባው የትኛው ነው?

መልስ፦ የሚትራል ቫልቭ መጥበብ። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት (ልብንና መገጣጠሚያን የሚያጠቃ ሕመም) አስከትሎ ቫልቩን ያበላሸዋል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሴቲቱ ስታረግዝ ነው። ትንፋሽ ሲያጥራት «እርግዝናው ነው» ተብላ የምትመለስ እናት ታሳዝነኛለች። በግራ ጎኗ አስተኚያት። የልቧን ጫፍ ምት በጣትሽ ፈልጊና የስቴቶስኮፑን ደወል (ጎድጓዳውን ገጽ) በትክክል እዚያው አሳርፊ፤ አትጫኚው፣ ከተጫንሽው ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። አንደኛው ድምፅ ጎላ ይላል፣ ከሁለተኛው በኋላ አጭር «ቀጭ» የሚል ይሰማል፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይከተላል። ጉርምርምታው ሰፊ ቦታ አይሸፍንም፤ ጥቂት ፈቀቅ ካልሽ ይጠፋል። ከጠረጠርሽ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወደሚሠራበት ሆስፒታል ላኪያት።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ ሲሰማ በሽታ ነው?

መልስ፦ አየር ሲስብ ተከፍሎ ሲያስወጣ ከገጠመ ጤናማ ነው። በሁለቱም ጊዜ እኩል ተከፍሎ ከቀረ በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ይጠረጠራል።

ጥያቄ፦ ልጄን ትኩሳት ይዞት ባስመረምረው «ልቡ ላይ መርመር አለ» ተባልኩ። እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ትኩሳትና የደም ማነስ የደም ፍሰቱን ስለሚያፋጥኑ ከጤናማ ልብም መርመር የሚባለው የሽውታ ድምፅ ይሰማል። ትኩሳቱ ሲለቀው እንደገና ይደመጥ። ከእኩዮቹ ቀድሞ የሚደክም፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ወይም መገጣጠሚያው የሚያብጥ ከሆነ ግን ትኩሳቱ እስኪለቀው አትጠብቂ፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።