ከጣርማበር ቁልቁለት እስከ ታጁራ ጀልባ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ሙያ እሠራለሁ። 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል መንዳት ከጀመርሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ እስከ ዓለም ከተማ፣ እስከ መሐል ሜዳ፣ አንድ ጊዜም እስከ ደሴ ነድቻለሁ። በመጪው ታኅሣሥ የአሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ወጥቼ፣ እስከ ጅቡቲ በሞተሬ ለመሄድና ከዚያም ሞተሩን በጀልባ ጭኜ ባሕሩን ወደ ታጁራ ለመሻገር አስቤአለሁ። ጓደኛዬ ግን በሞያሌ በኩል ኬንያ ገብቼ ሞምባሳ ላይ ብሻገር እንደሚሻለኝ ይናገራል። ሊብሬው በታላቅ ወንድሜ ስም ነው። ዝግጅቱን ከምን ልጀምር? ሞተር በጀልባ ላይ የሚጫነውስ እንዴት ነው? ታጁራ ከደረስሁ በኋላ በኦቦክ በኩል ወደ የመን መሻገርስ ይቻል ይሆን?

መልስ፦ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወደ የመን አይሻገሩ። ጅቡቲንና የመንን የሚለየው የባብ ኤል ማንደብ ወሽመጥ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑ ያጓጓ ይሆናል፤ ነገር ግን ከማዶ ያለው አገር ለዓመታት በጦርነት ውስጥ የቆየ ነው፤ ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት የሚነሡት ጀልባዎችም የደላላ ጀልባዎች እንደሆኑና ስንት የሸዋና የወሎ ወጣት እንደበሉ እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። ይህ ጉዳይ የመን ለመሄድ ባያስቡም ይመለከትዎታል። በዚያ ዳርቻ ብቻውን የሚታይ ኢትዮጵያዊ ወጣት መጀመሪያ የሚታሰበው ስደተኛ ሆኖ ነው፤ አገር ጎብኚ መሆንዎን የሚመሰክሩልዎ ወረቀቶችዎ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዝግጅቱን ከጎማና ከሻንጣ ሳይሆን ከወረቀት ይጀምሩ።

ወደ ወረቀቱ ከመግባታችን በፊት የጓደኛዎን ምክር እንየው። የኬንያው መንገድ የራሱ መልካም ጎን አለው፤ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፣ አስፋልቱም እስከ ናይሮቢ ደህና ነው። ይሁን እንጂ ከደብረ ብርሃን እስከ ሞምባሳ ሲደመር ለመሄጃ ብቻ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ላይ ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ፣ አደባባይ በገቡ ቁጥር እጅዎ የለመደውን ሊያደርግ ይሞክራል። ያን ሁሉ ተጉዘው የሚያገኙት የሊኮኒ ፌሪም የወደቡን መግቢያ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያቋርጥ የከተማ መሻገሪያ ነው። በአንጻሩ በጣርማበር፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አልፈው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ታጥፈው፣ በሰመራና በድንበር መተላለፊያው በጋላፊ በኩል እስከ ጅቡቲ ከተማ ያለው ርቀት ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጀልባውም የታጁራን ባሕረ ሰላጤ የሚያቋርጥ እውነተኛ የባሕር ጉዞ ነው። ለአሥራ ሁለት ቀን ፈቃድና ለ150 ሲሲ ሞተር የሚስማማው ይህኛው ነው።

ደግሞም ለሰሜን ሸዋ ሰው ታጁራ እንግዳ አገር አይደለችም። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከአንኮበር ሥር ካለችው ከአልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ጨውና ሸቀጥ የሚያመላልሰው ከዚያችው ወደብ ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሡ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ አንኮበር ለመድረስ ወራት ፈጅቶበታል። እርስዎ በሦስት ቀን ይደርሳሉ፤ ሦስት ቀን ስል ግን ሳይቸኩሉ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሊብሬው በወንድምዎ ስም ከሆነ ሁለት አማራጭ አለዎት፤ ስሙን ማዛወር፣ ያ ካልሆነም እርስዎ ሞተሩን ከአገር አውጥተው መልሰው እንዲያስገቡ በግልጽ የሚፈቅድ ውክልና ወንድምዎ እንዲሰጥዎ ማድረግ። «እንዲነዳ፣ እንዲያስተዳድር» የሚለው የተለመደው ውክልና ድንበር ላይ አያሳልፍም። የሞተሩ የሻንሲና የኢንጂን ቁጥር በውክልናው ውስጥ በቁጥር ይጻፍ፤ ሰነዱም ውጭ አገር የሚሠራበት ስለሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። በጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸውና የሊብሬውንና የውክልናውን የፈረንሳይኛ ትርጉም አብረው ቢይዙ ከብዙ ምልልስ ይድናሉ። ከጉምሩክ በኩል ደግሞ ሞተሩ በጊዜያዊነት ወጥቶ የሚመለስ መሆኑን የሚገልጽ ሰነድ ሳይይዙ ጋላፊን አይለፉ፤ ያለዚያ በመልስ ጉዞዎ የገዛ ሞተርዎን ከውጭ እንደገባ ዕቃ ቀረጥ ክፈል ሊባሉ ይችላሉ። ጉዳዩን ከመነሻዎ ሁለት ወር ቀድመው ቢጀምሩት አልበዛም። የጅቡቲን ቪዛ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ ይጠይቁ፤ የቪዛው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ከእኛው ታኅሣሥ ጋር አመሳክረው በወረቀት ላይ ያስፍሩት።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው የሁለቱ ቢጫ ካርዶች ጉዳይ ነው። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት የወሰዱ መሆንዎን የሚያሳየው የጤና ካርድ ነው። ሌላው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የገቡት የሦስተኛ ወገን መድን በአባል አገሮች ውስጥ እንዲሠራ የሚያደርግ የመድን ሰነድ ነው፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም የዚህ አባል ናቸው። የሚያገኙትም መድን ከገቡበት ድርጅት ነው። ድንበር ላይ «ቢጫ ካርድ» ሲባሉ የትኛው እንደተጠየቀ ሳያጣሩ አንዱን ብቻ አውጥተው ቢከራከሩ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ የሚቆመው ግን የእርስዎ ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ነው፤ ታጁራ ዜሮ። እንዲህ ያለ ቁልቁለት የሚወርድ ሞተረኛ በዓለም ላይ ብዙ አይመስለኝም። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ይጨሳል፤ በዚህም ምክንያት መካኒኮች ነዳጁን ይቀንሱለታል፣ ወይም በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠበበች ይለውጧታል። በዚህ መልክ የተስተካከለ ሞተር ወደ ባሕሩ ሲወርድ አየሩ ይወፍርና በተቃራኒው ነዳጅ ያንሰዋል፤ ጉልበቱ የጨመረ ቢመስልም ኢንጂኑ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቫልቩንና ፒስተኑንም ሊያቃጥል ይችላል። እርስዎ የጥገና ሰው ስለሆኑ መላው አይጠፋዎትም፤ ሞተሩ ሲመረት የተገጠመለትን ባለ ሰፊ ቀዳዳ ዕቃ ፈልገው ይያዙና ሚሌ ወይም ሰመራ ላይ ይመልሱት። ማረጋገጫው ካንዴላው ነው፤ ጫፉ ቀላል ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ከነጣ ነዳጅ አንሶታል፣ ጥላሸት ከያዘ በዝቶበታል። የጎማውን አየርም እንዲሁ ሰመራ ላይ ጠዋት፣ ሳይነዱና ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩት፤ ከፍታው ሲወርድ ልኬቱ ይቀንሳል፣ የበረሃው ሙቀት ደግሞ ይጨምረዋል፣ በደብረ ብርሃን ብርድ የተሞላው ልክ እዚያ የሚገኘው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

በጣርማበር ጣሊያን ከሠራው ዋሻ ከወጡ በኋላ እስከ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት በማርሽ ይውረዱት እንጂ ፍሬን ላይ አይተኙ። ይህን ለደብረ ብርሃን ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የለመዱት ቁልቁለት ላይ የሚሄዱት ባዶ ሞተር ይዘው ነበር፤ አሁን ከኋላ ሃያ ኪሎ ጭነት አለ። ጉሙ ከበረታ ዋሻው አፍ ላይ ሳይሆን ከመንገዱ ወጥተው ይቁሙ። የመንገዱን ጸጥታም ከመነሻዎ በፊት በነበረው ምሽት ከዚያው ከመጡ ሾፌሮች ይጠይቁ፤ ከጨለመ በኋላ በየትኛውም ክፍል አይንዱ። ከሚሌ በኋላ ያለው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ተሳቢ ሲያልፍዎ የሚገፋው ነፋስ ሞተርዎን ስለሚያወዛውዘው መሪውን ላላ አድርገው ይያዙ፣ ከዳር አይጠጉ። ታኅሣሥን መምረጥዎ ብልህነት ነው፤ በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሲሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ግን የሚቻል ነው። ያም ሆኖ ውኃ በቀን አምስት ሊትር ያስቡ፤ ጥም ሳይሰማዎ ይጠጡ።

ስለ ጀልባው ልንገርዎ። ከጅቡቲ ወደብ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ የሚሄደው ፌሪ መኪናም ሰውም ይጭናል፤ የሚነሣው በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ ጅቡቲ በደረሱበት ቀን ከሆቴል በፊት ወደ ትኬት መሸጫው ይሂዱ። ዓርብ የዕረፍት ቀን መሆኑን፣ መሥሪያ ቤቶችም ጉዳይ የሚፈጽሙት ጠዋት መሆኑን አይርሱ። ሰዓቱን በተመለከተ የደረሰብኝን ልናገር። ትኬት ሻጩ «ስምንት ሰዓት» አለኝ፤ እኔም ምሳዬን በልቼ፣ ሞተሬን አጥቤ፣ በስምንት ሰዓት ከተፍ አልሁ። የእርሱ ስምንት ሰዓት የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር፤ ጀልባው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ጅቡቲና እኛ የምንኖረው በአንድ ሰዓት ክልል ውስጥ ነው፣ አቆጣጠራችን ብቻ ይለያያል፤ ስለዚህ የስልክዎን ሰዓት እያሳዩ ይጠይቁ።

ሞተር ወደ ጀልባ ሲገባ የሚወድቀው ባሕር ላይ ሳይሆን መወጣጫው ላይ ነው። መወጣጫውም ወለሉም ብረት ነው፣ በባሕር ውኃና በናፍጣ የረጠበ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩን ቀጥ አድርገው፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሳይጠመዝዙና የፊት ፍሬን ሳይነኩ ይግቡ፤ ካልተማመኑ ወርደው ይግፉት፣ ማንም አይስቅብዎትም። ከቆመ በኋላ በአንደኛ ማርሽ ይተዉት፣ በጎን ማቆሚያው ያሳርፉት፣ የፊት ፍሬኑን መያዣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠርንፈው ያስሩት። ገመድ የሚታሰረው ከስፖኪዮ ወይም ከፍሬቻ ሳይሆን ከመሪው በታች ካለው ጠንካራ ብረትና ከኋላ ከሻንሲው ሲሆን፣ በግራም በቀኝም ተወጥሮ የፊት ሾኩ ትንሽ እስኪወርድ ድረስ መጥበቅ አለበት። ገመዱ በሚነካካበት ሁሉ ቁራጭ ጆንያ ያድርጉበት። ባሕረኞቹ በራሳቸው መንገድ ሊያስሩልዎ ይችላሉ፤ ይፍቀዱላቸው፣ ግን ሳያዩ አይሂዱ፤ ገመዱንም ከቤትዎ ይዘው ይምጡ። ታንኩን እስከ አፉ አይሙሉት፤ ቤንዚን በሙቀት ያብጣልና ወለሉ ላይ ይፈሳል። በጀሪካን ትርፍ ቤንዚን መያዝም ለጀልባው አደጋ ነው፣ ጋላፊ ላይም የኮንትሮባንድ ጥያቄ ያስነሳብዎታል። ፓስፖርት፣ ገንዘብና ውኃ ከሞተሩ ላይ አውርደው ከእርስዎ ጋር ይሁኑ። ታጁራ ሲወርዱ የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩን በጨው አልባ ውኃ ማጠብና ካቴናውን ዘይት መቀባት ነው፤ የባሕር ጨው በደጋ የሚኖር ሞተር የማያውቀው ጠላት ነው።

ለመልስ ጉዞ ደግሞ ጀልባውን ይተዉት። ከታጁራ ወደ ጅቡቲ ከተማ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ የሚመልስ የአስፋልት መንገድ አለ፤ በዚያው መንገድ የአሳል ሐይቅን ያያሉ፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ከጣርማበር ተነሥቶ እዚያ መድረስ የጉዞው ጫፍ የሚመስለኝ እኔን ብቻ ላይሆን ይችላል። ኦቦክን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ እኔ ከመሐል ሜዳ ነኝ። ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ይህንኑ የጅቡቲ ጉዞ በአንድ 150 ሲሲ ሞተር ብናደርገው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ እስከ ደብረ ብርሃን እሺ፣ ከዚያ ወዲያ አልመክርም። ሁለት ሰውና ጭነት ተጨምሮ የጣርማበርን ቁልቁለት ፍሬኑ ይከብደዋል፤ በአፋር ሜዳ ደግሞ ከከባድ መኪና ለማምለጥ ጉልበት ያጥረዋል፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰውም በዚያ ሙቀት ከነጂው በላይ ይደክማል። የሚሻለው እንዲህ ነው። እርስዎ ጭነቱን ይዘው በሞተር ቀድመው ይውረዱ፤ ባለቤትዎ ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ይምጡ። ባቡሩ በየዕለቱ ስለማይነሣ ቀኑን ከጀልባው ቀን ጋር አስቀድመው ያገናኙት። ናጋድ ላይ ይቀበሏቸውና በአንድ ትኬት መስኮት ሁለት ሰው አንድ ሞተር ብለው ይክፈሉ።