ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኩላሊቴ ደክሟል ተብያለሁ፤ በእግር መሄድ ልተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የጅማ ነዋሪ ነኝ፤ 54 ዓመቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደም ግፊትና ስኳር ከያዘኝ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ደግሞ «ኩላሊትሽ ደክሟል፤ ደረጃ 3 ነው» ተባልኩ። ለግፊቱ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳሩ ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ባልዲ እንኳ አላስነሳ አሉኝ፤ መርካቶም የምሄደው በባጃጅ ብቻ ነው። እኔ ግን ይባስ እየደከምኩ ሄድኩ። በቅርቡ እንግዶች መጥተው ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ማታ ጉልበቴ ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ ዋጥኩ። በማግስቱ ቀጠሮ ነበረኝና ክሬቲኒን የሚሉት የኩላሊት የደም ምርመራዬ ከ1.5 ወደ 1.7 ወጥቶ ተገኘ። ልጆቼ «አላልንሽም?» አሉኝ። እውነት መሄዴ ነው የጎዳኝ?

መልስ፦ እኔ ከዳገቱ ይልቅ የምጠረጥረው ማታ የዋጧትን ኪኒን ነው።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። ኢናላፕሪል ኩላሊት ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ ኩላሊትን ለረጅም ጊዜ የሚጠብቅበት መንገድ ስለሆነ እንዳያቋርጡት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ውሃና ጨው በሽንት ያስወጣል። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ በተለይ ላብ ወጥቶ በቂ ውሃ ባልተጠጣበት ቀን፣ ኩላሊት በአጭር ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። ዳይክሎፌናክን በመርፌ ቢወጉትም ያው ነው። ፋርማሲ ገብተው «የጉልበት ማስታገሻ» ከማለትዎ በፊት «ኩላሊት አለብኝ» ይበሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻልዎታል።

ዳገቱም ቢሆን ቁጥሩን ሊነካው ይችላል፤ ነገር ግን ቁጥር መጨመርና ኩላሊት መጎዳት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ከባድ እንቅስቃሴ በተደረገ ማግስት፣ ሥጋ በተበላ ማግስት ወይም ውሃ ሲያንስ ለጊዜው ከፍ ይላል። በሽንት የሚወጣው ፕሮቲንም እንዲሁ። በእርስዎ ዕድሜ ክሬቲኒን 1.5 ሲሆን የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ 41 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 1.7 ሲሆን ደግሞ 35 ገደማ ይሆናል። ሁለቱም እዚያው ደረጃ 3 ውስጥ ናቸው። ዳይክሎፌናኩን ትተው በዚህ ሳምንት ምርመራውን ይድገሙት፤ ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ዳገት አይውጡ፣ ከዋዜማው ጀምሮም ሥጋ ይተው። ድጋሚውም ከፍ ብሎ ከተገኘ ሐኪምዎ መድኃኒቶችዎን ያያል። ሽንትዎ ከቀነሰ ወይም ፊትና እግርዎ ካበጠ ግን ሳምንቱን አይጠብቁ።

ወደ ልጆችዎ ልምጣ። ፍቅራቸው ይገባኛል፤ ምክራቸው ግን ተገላቢጦሽ ነው። የኩላሊት ሕመም በራሱ ጡንቻን ያሳሳል፣ ብዙ ጊዜም የደም ማነስ ያመጣል። በዚያ ላይ ሰውየው ሲቀመጥ የቀረው ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ስለዚህ ትንሽ መንገድ ያደክመዋል፤ ስለደከመውም ይቀመጣል። ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምገማ 45 ጥናቶችን፣ በድምሩ 1,863 የኩላሊት ሕሙማንን አይቷል። አዘውትረው እንቅስቃሴ የሠሩት የመራመድ አቅማቸው ተሻሽሏል፣ ደም ግፊታቸው ወርዷል፣ ኑሯቸውም ቀሏቸዋል። የተጎዳ ኩላሊትን እንደ አዲስ ያደርጋል ግን አልልዎትም። በላብ «መርዙ ይወጣል» የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ላብ የኩላሊትን ሥራ አይተካም።

ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን፣ ወይም ልብና አቅም የሚፈቅደውን ያህል ይመክራል። ዓመት ሙሉ ለተቀመጠ ሰው ይህ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አይደለም። ከቤትዎ ደጃፍ ሜዳ ሜዳውን ይዘው 10 ደቂቃ ይሂዱ፤ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩ። ከሰው ጋር እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልኩ ነው፤ ዘፈን ማንጎራጎር ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ፤ ቃል ከቆራረጠብዎት ይቀንሱ። ስፌት መኪና ሲረግጡ መዋል ከዚህ አይቆጠርም፤ እግር ይንቀሳቀሳል እንጂ ልብ አይነቃም። ጅሬንን ለጊዜው ይተዉት፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ይደርሱበታል።

የጅማ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው፤ ጭቃውና ዝናቡ ሰበብ ይሆናል። ያኔ ቤት ውስጥ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሡና ይቀመጡ። 8 ጊዜ ያህል፤ ዐረፍ ብለው እንደገና። ሲነሡ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ አምቀው ከያዙት ግፊት ይጨምራል። በሳምንት ሁለት ቀን ይህን ቢሠሩ የጭን ጡንቻዎ ይመለሳል፤ ያመምዎትን ጉልበትም የሚደግፈው እሱ ነው። ልጆችዎም ግማሽ ባልዲ ቢተዉልዎት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር አሳስቦኛል። ግሊቤንክላሚድ ኩላሊት ሲደክም ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ እንቅስቃሴ ሲጨመርበት ስኳርዎ በድንገት ሊወርድ ይችላል። በሌላ መድኃኒት ይቀየርልኝ ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። እስከዚያው ባዶ ሆድዎን አይውጡ፤ ከረሜላ ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ እጅዎ ከተንቀጠቀጠና ካላበዎት ቆመው ይብሉት። ነጠላ ጫማም ይቅር፤ የስኳር ሰው እግር ቢቆስል ቶሎ አይሰማውም። የደም ማነስ ምርመራም በዚያው ይሠራልዎ።

ደረትዎን ከጨነቀዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙና ይታከሙ። ግፊትዎ 180 በ110 ከደረሰ ያን ቀን መድኃኒትዎን ወስደው ይረፉ፤ ካልወረደ ወደ ሐኪም ይሂዱ። አልጠየቁኝም፤ ግን ጅማ ነንና ልበለው፦ ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር ቅመው ለእንቅስቃሴ አይውጡ።

ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ላይ ያላችሁ አንባቢዎችም ብዙዎቻችሁ ከዚህ አትገለሉም። ማሽኑ ላይ ሆኖ እግርን ማንቀሳቀስ የሚመቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው፤ ወደ መጨረሻው ግፊት ይወርዳል። መርፌ የተሰካበት የፊስቱላ እጅ (ለማሽኑ ተብሎ የደም ሥር የተዘጋጀበት) ግን እስኪነቀል ድረስ አይንቀሳቀስ።