ወረቀቱን ከመቁረጣችሁ በፊት፦ በጅማ በሕትመትና በማሸጊያ ሥራ ለተሠማራችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ በፈረንጅ አራዳም ሆነ በዩኒቨርሲቲው በሮች ዙሪያ ኮፒ ቤት፣ ማተሚያ፣ የጥራዝና የማሸጊያ ሥራ የከፈታችሁ ወጣቶች ከዓመት ዓመት ስትበዙ ማየት ያስደስተኛል። ማሽኖቻችሁ እኛ ከነበሩን እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ የምታወጡት ዲዛይንም ውብ ነው። ወረቀት ልትገዙ ስትሄዱ ግን አብዛኞቻችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቃችሁ ትመለሳላችሁ፦ ስንት ግራም ነው? ስንት ብር ነው? እኔ ዕድሜዬን በወረቀትና በካርቶን መካከል ያሳለፍኩ ጠራዥ ነኝና አንድ ጥያቄ እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ። ይህ ወረቀት ከእጄ ከወጣ በኋላ ምን ያገኘዋል? ይታጠፋል? እርጥበት ያገኘዋል? ሌላ ካርቶን ይጫንበታል? ዘይት ይነካዋል? ልጅ ወልዶ እስኪድር ድረስ ሰውየው ሊያስቀምጠው ነው? ይህን ሳያውቁ ወረቀት መምረጥ ገንዘብ መበተን ነው።

ከግራሙ ልጀምር፤ እሱም ቢሆን በደንብ አልታወቀም። ግራም የምንለው የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ኤ0 የሚባለው መጠን ልክ አንድ ካሬ ሜትር ሲሆን ኤ4 የእሱ 16ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ባለ 80 ግራም ኤ4 አንዱ ሉክ 5 ግራም ይመዝናል፤ 500 ሉክ ያለው እሽግ ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 80 ተብሎ የተሸጠላችሁ እሽግ 2 ኪሎ ከሩብ ከሆነ፣ ወይ ወረቀቱ 72 ግራም ነው፣ ወይ ሉኩ ጎድሏል። ከነጋዴ ጋር ከመጨቃጨቅ ሚዛን ይሻላል።

ግራም ግን ውፍረትን አይናገርም፤ ጥንካሬንም አይናገርም። እኩል ግራም ያላቸው ሁለት ወረቀቶች አንዱ ተጨፍልቆና ለስልሶ ቀጭን፣ ሌላው እንደ ልቡ ተነፋፍቶ ወፍራም ሊሆን ይችላል። ለካርቶን ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ዓይነት ካርቶን ውፍረት እጥፍ ሲሆን አልታጠፍም ባይነቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ለመድኃኒትና ለሳሙና ፓኮ የሚሠራውን ካርቶን ያሰቡ ሰዎች በዚህ ተጠቅመዋል። መሐሉን በርካሽና በሚነፋፋው፣ እንጨት በመፍጨት በሚገኘው ፐልፕ፣ ማለትም ወረቀት በሚሠራበት የቃጫ ሊጥ፣ ይሞሉታል፤ ላይና ታቹን ጠንካራ በሆነው፣ በኬሚካል ተቀቅሎ በወጣው ፐልፕ ያለብሱታል። ጉልበት የሚያስፈልገው ከላይና ከታች ነው፤ መሐሉ እነሱን አራርቆ ከያዘ በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወረቀት ሲሠራ ቃጫው በብዙ ውሃ ተበትኖ፣ 99 እጁ ውሃ ሆኖ፣ በሚሮጥ ወንፊት ላይ ይፈስሳል። አዌቱ ወንዝ ላይ የወደቀ ሣር በፍሰቱ አቅጣጫ እንደሚተኛ ሁሉ፣ ይህም ቃጫ አብዛኛው ማሽኑ በሚሮጥበት በኩል ተኝቶ ይደርቃል። ዓይናችሁ አያየውም፤ እጃችሁ ግን ያውቀዋል። ወረቀት ቃጫው በተኛበት በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ ያለ ጭቅጭቅ ይታጠፋል። ቃጫውን አቋርጣችሁ ስታጥፉት ግን ይደነድናል፤ ወፍራም ከሆነ ደግሞ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ያተማችሁት ቀለምም አብሮ ይረግፋል። የሠርግ ጥሪ ካርድ እጥፋቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ አውጥቶ ደንበኛ ሲቆጣ የማየው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ቀለሙም ማሽኑም ጥፋት የለባቸውም፤ ወረቀቱ የተቆረጠው በማይሆን በኩል ነው።

እንዴት ይታወቃል? ትንሽ ካሬ ቁረጡና አንድ ገጹን በእርጥብ ጣት ዳብሱት። ወዲያው ይጠቀለላል፤ ጥቅልሉ እንደ ቱቦ የተዘረጋበት አቅጣጫ ቃጫው የተኛበት ነው። ለወፍራም ካርቶን ደግሞ ሉኩን አንዴ በቁመት፣ አንዴ በወርድ ጎንበስ አድርጉት። እሺ ብሎ የሚታጠፍበት መስመር ከቃጫው ጋር ትይዩ ነው። ይህ ፈተና ምንም ወጪ የለውም። አንድ ትልቅ ሉክ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁልጊዜ አድርጉት፤ ሉኩ ጥግ ላይም በእርሳስ ቀስት ሥሩበት።

የመጽሐፍና የመመረቂያ ጥናት ጥራዝ የምትሠሩ በተለይ ስሙኝ። ቃጫው ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ የውስጥ ገጹም፣ የሽፋኑ ካርቶንም፣ ካርቶኑን የሚያለብሰው ወረቀትም። ይህ ካልሆነ ገጹ ጀርባው ላይ ኮላ ባገኘበት ቦታ ይሸበሸባል፤ መጽሐፉም ተከፍቶ አይተኛም። ሽፋኑ ሲጣመምም ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ኮላው ውሃ ስላለው ወረቀቱን ያሰፋዋል፤ ሲደርቅ ወረቀቱ ይኮማተርና ካርቶኑን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። መድኃኒቱ በውስጥ በኩልም ተመጣጣኝ ወረቀት መለጠፍና በከባድ ነገር ሥር አሳድሮ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ማድረግ ነው። ተመራቂዎች ተሰልፈው "አሁኑኑ" በሚሉበት ሰሞን ይህን ማድረግ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ሌሊት ጠይቋቸው፤ ይሰጧችኋል።

የእኛን ከተማ ሥራ ከሌላው የሚለየው እርጥበቷ ነው። ጅማ ዝናቧ ከአዲስ አበባው ረዘም ይላል፤ በክረምት ደግሞ ወረቀት ሌት ተቀን ከአየሩ ይጠጣል። የወረቀት ቤተ ሙከራዎች ወረቀትን የሚመዝኑትና የሚፈትኑት በ23 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት ነው፤ በሐምሌ እኛ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አየር የለም። ቃጫ ሲረጥብ በጎኑ ያብጣል እንጂ በርዝመቱ ብዙም አያድግም። ስለዚህ ወረቀቱ በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም የሚለው፣ ኮፒ ማሽኑ በየደቂቃው ወረቀት የሚይዘው፣ የወጣው ወረቀትም ተጠቅልሎ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። የእሽጉ መጠቅለያ እርጥበት እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነውና ለጌጥ አትዩት። የምትሠሩበትን ያህል ብቻ ክፈቱ፤ የተረፈውን መልሳችሁ ሸፍኑ። ከመጋዘን የመጣ ወረቀት ሳይከፈት ማሽኑ ባለበት ክፍል ይደር። ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳም ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ ግድግዳ እርጥበት ያስተላልፋል፣ ምስጥም ከካርቶን የሚበልጥበት ምግብ የለም።

ዕቃ ማጓጓዣው፣ መሐሉ ሽብሽብ የሆነው ካርቶን ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ሽብሽቡ ወረቀት በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1856 የባለቤትነት መብት ሲያገኝ የታሰበው ለረጅም ባርኔጣ ገበር ነበር፤ ለዕቃ መጠቅለያነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1871 በአሜሪካ ነው። ኃይሉ ያለው ሽብሽቡ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ሣጥኑ ሲቆም ሞገዱ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በአግድም ከተኛ ከላይ የተጫነው ይጨፈልቀዋል። ስትደረድሩም ማዕዘን በማዕዘን ላይ ይሁን፤ አብዛኛውን ሸክም የሚሸከሙት ማዕዘኖቹ ናቸውና። እንደ ጡብ እያፈራረቁ መደርደር ክምሩን ከመናድ ያድነዋል፣ የሥረኛውን ሣጥን ግን ያደክመዋል። አየሩ በጣም እርጥብ በሆነበት ጊዜ ካርቶን ከጥንካሬው ግማሽ የሚጠጋውን ሊያጣ ይችላል። ማር በጠርሙስ ለምትልኩ ይህን እላለሁ፦ በበጋ አምስት ረድፍ የቻለ ካርቶን በነሐሴ እንዲችል አትጠብቁ።

ስለ ምግብ ስናገር ትንሽ እጠነክራለሁ። ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ በጋዜጣ ወይም በተማሪ ፈተና ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ አያለሁ። ዘይት የሕትመት ቀለምን ያሟሟል፤ የሟሟው ወደ ምግቡ ይገባል፤ የሚበሉትም በብዛት ሕፃናት ናቸው። ግራጫው ካርቶንም ቢሆን ከአሮጌ ወረቀት ተመልሶ የተሠራ ስለሆነ የቀድሞው ቀለም ቅሪት አለበት። አንድ ቃጫ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ተመልሶ ሊሠራ ይችላል፤ በየጊዜው ግን ያጥራል፣ ይደክማል። ይህ ካርቶን ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለጫማ ሣጥን፣ ለማስታወሻ ደብተር ጀርባ ተስማሚ ነው፤ ርካሽነቱም ተገቢ ነው። ዘይት ያለው ምግብ በቀጥታ እንዲነካው ግን አታድርጉ። ዘይት የማያሳልፍ ወረቀት አለ፤ ቃጫው እጅግ ተወቅጦ ቀዳዳ እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው። ጥቂት ሳንቲም ይጨምራል። ቦምቦሊኖ የሚሸጡ እናቶች ራሳቸው ሊፈልጉት አይችሉም፤ እናንተ በትንሽ በትንሹ ቆርጣችሁ አቅርቡላቸው።

የቡናም ነገር እንዲሁ ነው። የጅማን ቡና ቆልቶ በቡናማ ክራፍት ከረጢት መሸጥ አምሮበታል፤ ወረቀቱም ጠንካራ ነው። ወረቀት ብቻውን ግን አየርም እርጥበትም አያግድም፤ የተቆላ ቡና ደግሞ ጠላቶቹ እነዚሁ ናቸው። ከውስጥ የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ያስፈልጋል። አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣም ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ ትንሽ ቫልቭ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ከረጢቱ ይነፋል። ደንበኛው ስለ መልኩ ብቻ ቢነግራችሁም እናንተ ስለ ቡናው ጠይቁት።

የሚያብረቀርቀውን አርት ፔፐር በአጭሩ ልለፈው። ካኦሊን በተባለ ነጭ ሸክላ ወይም በኖራ ድንጋይ ዱቄት የተቀባ ስለሆነ ፎቶግራፍ ያምርበታል። በእስክሪብቶ ለሚጻፍበት ነገር ግን አይሁን፤ ሲረጥብም ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አይላቀቁም።

ለረጅም ዘመን ስለሚቀመጥ ወረቀት ግን ሳልናገር አልተውም። በብራና ላይ የተጻፉት መጻሕፍቶቻችን ቆዳ ስለሆኑ የእነሱ ዕድሜ ሌላ ነው። በዚህ በጅማ ዙሪያ ግን ከአያት የወረዱ፣ በዓረብኛ በወረቀት ላይ የተጻፉ ኪታቦች ያሏቸው ቤተሰቦች አሉ። የድሮ ወረቀት ከተልባ እግርና ከጥጥ ጨርቅ እራፊ ይሠራ ስለነበር ለዘመናት ይቆያል። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ፋብሪካዎች ወደ እንጨት ዞሩ፤ እንጨቱ ሲፈጭ ሊግኒን የተባለው ነገር አብሮ ይቀራል፣ ቀለም እንዳይነዛ የሚጨመረው አልም ደግሞ አሲድ ያመጣል። ጋዜጣ ፀሐይ ላይ በጥቂት ቀን የሚቢጨው በሊግኒኑ ነው፤ የቆየ ወረቀት በጣት ሲነካ የሚሰባበረው ደግሞ በአሲዱ ነው። የዕድር መዝገብ፣ የውርስ ሰነድ፣ ኪታብ የሚጠረዝለት ሰው ሲመጣ አሲድ የሌለበት ወረቀት ፈልጉለት። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ ቁጥሩ አይሶ 9706 ነው፣ እሽጉ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በሽቦ አትምቱት፤ ሽቦው በእኛ አየር ይዝጋል፣ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላል። በክር ስፉት። የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ፤ ፕላስተሩ ይቢጫል፣ ሙጫው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስስ ወረቀትና የስታርች ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ ነገ ሌላ ሰው በውሃ አላቅቆ ሊያስተካክለው ይችላል።

ዲፕሎማውን ላሚኔት ለማስደረግ የሚመጣ ወጣትም አይጠፋም። ገንዘቡ የእናንተ ነው፣ ሥራውም የአንድ ደቂቃ ነው፤ ቢሆንም ዋናውን አትንኩበት። በሙቀት የተለጠፈ ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይነሳም፤ ማኅተሙን በእጁ ዳስሶ ማየት ለሚፈልግ ቢሮም አስቸጋሪ ይሆናል። ጥሩ ኮፒ አንሡለትና ኮፒውን ላሚኔት አድርጉለት፤ ዋናውን ደግሞ አሲድ በሌለበት ወረቀት መካከል አድርጋችሁ በጠንካራ የካርቶን ፖስታ አስገቡለት። ፖስታውን ራሳችሁ ቆርጣችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ 300 ግራም ካርቶን ይበቃዋል፣ እጥፋቱም ከቃጫው ጋር ትይዩ ይሁን።